በአንድ ፎቅ ላይ የቀረው ቀዝቃዛ ጦርነት

ጋሽ መኮንን ከገበያ ሲመለሱ ሊፍቱ በሩን ከፍቶ ቆሟል። አንድ እግራቸውን ካስገቡ በኋላ ውስጥ ያለውን ሰው አዩና እግራቸውን መለሱ፤ ጎመናቸውንና ካሮታቸውን አንጠልጥለው ደረጃውን ተያያዙት። ሜልበርን ውስጥ ያሉት የፊትዝሮይ ሰፈር የመንግሥት ፎቆች ደግሞ ለወጣት ጉልበት እንኳ አይራሩም። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ ደረጃው ላይ ዘፍ አሉ። ኑሀሚን ያገኘቻቸው እዚያው ነው። ኑሀሚን ከአዲስ አበባ ለትምህርት የመጣች፣ የሕዝብ ጤና የምታጠና፣ አክስቷ ዘንድ እዚያው ሕንጻ ላይ የምትኖር ልጅ ናት።

«ምነው ጋሼ? ሊፍቱ ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም ልጄ። ተይዟል።»

«በማን?»

«በኢምፔሪያሊዝም።»

ኑሀሚን ማንን ማለታቸው እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ሕንጻው በሙሉ ያውቃል። ጋሽ መኮንን ኦዴሳ የተማሩ የከባድ መኪና መካኒክ ናቸው። ግድግዳ የሚጋሯቸው ጋሽ ጌታቸው ደግሞ በወጣትነታቸው አስመራ፣ ቃኘው በሚባለው የአሜሪካኖች ጦር ሰፈር፣ የስልክ ሠራተኛ ነበሩ። በችግራቸው ቀን ሞስኮም ዋሺንግተንም አልጠሯቸውም፤ ሁለቱንም የተቀበለቻቸው ሜልበርን ናት። ያም ሆኖ አንድ ክርስትና ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጋሽ መኮንን «ጨረቃ ላይ ወጣን የሚሉት ስቱዲዮ ውስጥ ነው» አሉ። ጋሽ ጌታቸውም ጉርሻቸውን ዋጥ አድርገው፣ «ውሻ ወደ ሰማይ ልኮ መመለሻ ያልቆረጠላት መንግሥት ያስተማረው ሰው ስለ ጨረቃ አያወራም» ብለው መለሱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታ የለም። የበርሊን ግንብ ከፈረሰ ሃያ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ወሬው ግን እነሱ ፎቅ ላይ ገና አልደረሰም።

«ለዚህ ነው በዚህ ጉልበት ደረጃ የሚወጡት?» አለች ኑሀሚን።

«ደረጃውስ ቀላል ነው። እሁድ ትንሳኤ ልትወስደኝ ነው።» ትንሳኤ ልጃቸው ናት። «ወደ ፖይንት ኩክ፣ ከተማው ዳር ወዳለው ቤቷ» አሉ፣ ሳይቤሪያ እንደሚል ሰው። «ባለፈው ወጥ ቤት ውስጥ አዳልጦኝ ስልኳን ሳላነሳ ብቀር አበደች። ‹ወይ ትርፍ ቁልፍህን ለጎረቤት ስጥና ጠዋት ጠዋት የሚያይህ ሰው ይኑር፣ ወይ ዕቃህን ፓክ አድርገህ ጠብቀኝ› አለች። እዚያ ሁሉም ሥራ ውሎ ነው የሚገባው፤ እኔ ከግድግዳ ጋር ላወራ ነው? ቤተ ክርስቲያኔ እዚህ፣ ሰዎቼ እዚህ!»

«ታዲያ ቁልፉን ይስጡዋ!»

«ለማን? አንቺ ትምህርትና ሺፍት ነሽ። አክስትሽ እትዬ በለጥሻቸው ግማሹን ሳምንት ልጃቸው ቤት ናቸው። የቀረው እሱ ነው።»

አንዳንድ ሰው ጠቡን እንደ ርስት ይጠብቃል፤ ግብሩን የሚከፍለው ግን በገዛ ጉልበቱ ነው። ኑሀሚን ይህን አልተናገረችም፤ የተማረች ብቻ ሳትሆን በሥርዓት ያደገችም ልጅ ስለነበረች አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አሜሪካና ሶቪየት በዚያ ሁሉ ጠላትነታቸው በቀጥታ መልእክት የሚለዋወጡበት መስመር ነበራቸው አይደል?»

«ነበራቸው እንጂ! ከኩባው ፍጥጫ በኋላ ነው የተዘረጋው።» ጋሽ መኮንን የሚያውቁት ነገር ሲነሳ ድካማቸው ይጠፋል።

«ተዋደው ነው የዘረጉት?»

«ምን ተዋደው! አንዱ በስህተት ቢተኩስ ሁለቱም እንዳያልቁ ነው።»

«እርስዎስ በስህተት ቢወድቁ?»

ጋሽ መኮንን ጎመናቸውን አስተካከሉ። «ያ የመንግሥታት ጉዳይ ነው። እኔ የግል አቋም አለኝ።»

«እሺ፤ ሰማይ ላይ ተገናኝተዋል የሚባለውስ?»

«በፈረንጆቹ ሰባ አምስት! ሶዩዝና አፖሎ! ሁለቱ መንኮራኩሮች ተገጣጠሙ፣ መሀል ላይ በር ከፈቱና ተጨባበጡ። ፊልሙን ኦዴሳ አሳይተውናል።»

«ከዚያ በኋላ ሶቪየቶቹ ካፒታሊስት ሆኑ?»

«ምን ሲደረግ!»

«አሜሪካኖቹስ ኮሙኒስት ሆኑ?»

«እነሱማ መቼ ይማራሉ!»

«እንግዲያው ሰዎቹ አየር በሌለበት በር ከፍተው ሲጨባበጡ አቋማቸው ካልተነካ፣ እርስዎ አየር እንደ ልብ ባለበት ኮሪደር ላይ ቢጨባበጡ ምንዎ ይጎድላል?»

ጋሽ መኮንን ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱ። 

«በሩን አስቀድሞ የሚከፍተው ግን ማን ነው?» አሉ።

ነገሩ ያለቀው በኑሀሚን አማላጅነት ሁለቱም በሮች እኩል እንዲከፈቱ፣ ማንም የማንንም ደጃፍ እንዳይረግጥ በመስማማት ነው። በማግስቱ ኑሀሚን ኮሪደሩ መሀል ቆማ ጉሮሯን ጠረገች፤ ምልክቱ እሱ ነበር። በሮቹ ተከፈቱ።

«እንደምን ዋሉ አቶ ጌታቸው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን አቶ መኮንን። ሶቪየት ኅብረት እንዴት ነው?»

«ፈርሷል፤ ሰምተዋል መሰለኝ።»

«ሰምቻለሁ። ያሳዝናል።»

«እርስዎን እንኳ አያሳዝንዎትም።»

«እውነት ነው፣ አያሳዝነኝም። ጉልበትዎ ግን ያሳዝነኛል። ሊፍቱን ይዤ ስጠብቅዎት ምን አስሮጠዎት?»

ጋሽ መኮንን ትርፍ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡ።

እሁድ ትንሳኤ ባዶ ካርቶኖች ጭና ከፖይንት ኩክ መጣች። የቁልፉን ነገር አባቷ ነግረዋታል፤ እሷ ግን አላመነችም። አንኳኳች፤ መልስ የለም። ደወለች፤ ስልኩ ውስጥ ሲጮህ ይሰማታል፣ የሚያነሳው ግን የለም። በሩን መደብደብ ስትጀምር ጋሽ ጌታቸው በቢጃማ ወጡና፣ «አይዞሽ ልጄ» ብለው በሩን ከፈቱ።

ጋሽ መኮንን የመስሚያ መሣሪያቸውን አውልቀው ያንኮራፋሉ። ትከሻቸውን ቢነኳቸው አንድ ዓይናቸውን ገለጡና ከበላያቸው የቆመውን ሰው አዩ።

«ወረራ!» ብለው ጮኹ።

«ሰብአዊ እርዳታ ነው» አሉ ጋሽ ጌታቸው።

ትንሳኤ እያለቀሰች ሳቀች። አባቷን አገላብጣ ሳመችና፣ «በቃ አባዬ፣ እዚሁ ሁን» አለች።

ጋሽ ጌታቸው ግን አልወጡም። መስሚያው ጆሮ ውስጥ እስኪገባ ጠብቀው ከቢጃማቸው ኪስ በክር የታሰረ ቁልፍ አወጡ።

«ትጥቅ መፍታት በአንድ ወገን ብቻ አያምርም። ይኼ የእኔ ነው።»

«መቼ አስቀረጽከው?»

«አምና፣ መታጠቢያ ቤት የወደቅሁ ጊዜ። የምሰጠው ሰው አጥቼ ኪሴ ውስጥ ይዞራል።»

«ወድቀህ ነበር? ማን አነሳህ?»

«ማን ያነሳኛል? ራሴው፣ እየዳህኩ።»

«ግድግዳውን አትመታም ነበር፣ አንተ ሰው!»

«ብመታው ራዲዮ ቀንስ ያልኩህ መስሎህ ትጨምረው ነበራ!»

ጋሽ መኮንን ቁልፉን ተቀብለው ከማተባቸው ጎን አንገታቸው ላይ አጠለቁት።

ከዚያ ወዲህ አንዱ የሌላውን በር ሳያንኳኳ ቁርስ አይቀምስም። የአንዱ መድኃኒት ሲያልቅ ሌላው ያስታውሳል፤ የሐኪም ቀጠሮም አብረው ይሄዳሉ። በሐሳብ መለያየት ያለ፣ የነበረ፣ የሚኖር ነው፤ ጎረቤትን መሬት ላይ እየዳኸ ትቶ መዋል ግን የየትኛውም ርዕዮተ ዓለም ትምህርት አይደለም። ሁለቱም አቋማቸውን አልለወጡም፤ ክርክሩም አልቆመም፤ አሁን የሚከራከሩት ተቀምጠው መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ትንሳኤም አባቷ ስልክ ባያነሱ አትደነግጥም። ለጋሽ ጌታቸው ትደውላለች።

«አለ፤ ደህና ነው፤ ላቅርብልሽ?» ይላሉ።

ከጀርባም የአባቷ ድምፅ ይሰማታል፦ «ቆይ በላት! ይህን ነጥብ ሳልጨርስበት ስልክ አልይዝም!»