መንጋጋ ያበቀሉት የዶክተር ታማኤ ኢሶኖ ዜና ሕይወት

ዶክተር ታማኤ ኢሶኖ ከዓሣ አጥማጁ አባታቸው ከአቶ ጌንሳኩና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፉሳ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 በጃፓን በኮቺ ጠረፍ በአንዲት የወደብ መንደር ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው ጀምረው፣ በኦሳካ በጥርስ ሕክምና ተመረቁ። በ1983 ከመርከብ መካኒኩ ከአቶ ቶኩሮ ጋር ትዳር መሥርተው ልጃቸውን ሚሆን ወለዱ።

በሐኪምነት ሲያገለግሉ፣ በካንሰር ምክንያት መንጋጋቸው ተቆርጦ የወጣ ሕሙማንን እያዩ፣ በብረት ፈንታ ሕያው አጥንት ማብቀል ይቻላል ብለው ወደ ምርምር ገቡ። የልጅ የታችኛው ጥርስ ሲወልቅ ወደ ጣሪያ መወርወር ልማዳችን ነውና፣ እሳቸው በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ «ለጣሪያው ምን ያደርግለታል? ለእኔ ስጡኝ» እያሉ ለመኑ፤ ከወተት ጥርስ ባወጡት ሕዋስም ከአሥራ አንድ ዓመት ድካም በኋላ የውሻ መንጋጋ አበቀሉ።

ከዚያ በኋላ የቀረው ለሰው መሞከር ነበር። የመጀመሪያው ታካሚ እንዲሆኑ የተመረጡት አናጢው አቶ ኩራታ፣ ግማሽ መንጋጋቸውን አጥተው በሩዝ አጥሚት ብቻ የሚኖሩ ሰው ነበሩ። በመጡ ቁጥር «ዶክተር፣ ቶሎ በሉ እንጂ! ሚስቴ እኮ ሕፃን የምታሳድግ መስሏታል» እያሉ አብረናቸው የምንሠራውን ያስቁን ነበር።

ለሰው ለመሞከር የሚጠይቀው የፈቃድ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ማኅተም ሰበሰበ። በእኛ መሥሪያ ቤት የበታች የሆነ ሰው ማኅተሙን ወደ አለቃው ስም ዘንበል አድርጎ፣ እጅ እንደሚነሣ ሰው ያሳርፋል፤ ዶክተር ታማኤ ግን ቀጥ አድርገው መቱት። የክፍሉ ኃላፊ አይተው «ኢሶኖ፣ ማኅተምሽ አንገት የለውም እንዴ?» ሲሏቸው፣ «ጎንበስ ቢል መንጋጋ ያበቅላል እንዴ፣ ፕሮፌሰር?» ብለው መለሱ። በክፍሉ የነበርነው ሁሉ ወደየወረቀታችን አቀረቀርን። ወረቀቱ በኃላፊው መሳቢያ ውስጥ ገብቶ አራት ዓመት ተቀመጠ፤ ማንም እምቢ አላለም፣ ማንም እሺ አላለም።

አቶ ኩራታ እየከሱ ሄዱ፤ ቀልዳቸውም ቀረ። በአራተኛው ዓመት ክረምት ዶክተር ታማኤ አዲስ ወረቀት አዘጋጅተው፣ ማኅተማቸውን እስከተቻለ ድረስ አዝምመው፣ በኃላፊው ፊት ወለል ላይ ተንበርክከው ይቅርታ ለመኑ። ፈቃዱ በሦስት ሳምንት ተሰጠ። አቶ ኩራታ ግን ፈቃዱ ከመድረሱ ዘጠኝ ቀን ቀደም ብለው ዐርፈው ነበር።

ሕክምናው በሌሎች ላይ ተሠርቶ ተሳካ፤ በሕክምና መጽሔቱ ላይ ግን የኃላፊው ስም ቀድሞ ታተመ፤ ዛሬ በበሩ ላይ የምታዩትን ትልቁን የአበባ ጉንጉን የላኩትም እሳቸው ናቸው። ዶክተር ታማኤ ስለ ስማቸው አንድ ቀን አላማረሩም። በጣፊያቸው ሥር በወጣባቸው ዕጢ ታመው በተኙበት ወራት የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ያን ቀን ማኅተሙን ባዘምመው ኖሮ፣ ሰውየው አንዲት ጉርሻ ያኝክ ነበር።» ወረቀቱን ያስቀረው ሌላ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ጥፋቱን የራሳቸው አድርገው ይዘውት ሄዱ።

ዶክተር ታማኤ በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ባለፈው ማክሰኞ ዐረፉ። ከኋላቸው የቀሩት ባለቤታቸው አቶ ቶኩሮ፣ ልጃቸው ሚሆ፣ እንዲሁም ዛሬ ጠዋት ሩዛቸውን በሁለቱም ጉንጭ አኝከው እዚህ የተገኙ አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው። ነፍሳቸው ሸክሟን አራግፋ ትረፍ፤ እዚያ አቶ ኩራታን ካገኟቸውም፣ ይቅርታ የሚጠይቁት ዶክተር ታማኤ እንዳይሆኑ እንለምናለን።