እድሬን ፍለጋ

ልደታ ማርያም ጀርባ የነበረው ቤቴ ፈርሶ ከከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሰሞኑን ደግሞ ልጄ ያመጣችልኝን ስለ ዛሬዋ ቬትናም የተጻፈ መጽሐፍ ሳነብ ጭራሽ ባሰብኝ። እዚያም አሮጌ ቤት እየፈረሰ ፎቅ ይሠራል፤ ግን ብዙዎቹ ላይኛውን ክፍል ለሞቱ አያቶቻቸው መታሰቢያ ይተዋሉ ይላል። የእነሱስ ሙታን ቦታ አላቸው። እኔን ሰፈሬ ተበትኖ ማን ይቀብረኛል? ከእድሬ ሁለት ስብሰባ ቀርቻለሁ፤ በሦስተኛው ስም ይሰረዛል። የት እንደሚሰበሰቡ እንኳ አላውቅም።

የስብሰባው እሁድ ሲደርስ ወደ ድሮ ሰፈሬ ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ ቤቴ ሦስት መቶ አርባ እርምጃ ነበር። ቆጥሬ ስጨርስ አንድ የመስታወት ሕንፃ በር ላይ ቆሜያለሁ።

"አባቴ፣ ማንን ፈልገው ነው?" አለኝ ጥበቃው።

"የሚቀብረኝን።"

ደነገጠ፤ ከዚያ ሳቀ። "እድርተኞቹን ነዋ! ምድር ቤት፣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ናቸው።"

ሃያ ሁለት ደረጃ ወረድኩ። በመኪኖቹ መሀል አሥራ አንድ ሰዎች ተቀምጠዋል። የድሮ ጎረቤቴ፣ የእድሩ ዳኛ፣ ስም እየጠራ ነው። የእኔን ጠራና "ይሄም ሦስተኛው ነው፤ ሰርዙት" አለ።

"አለሁ!" ብዬ ጮህኩ።

መነጽሩን አውልቆ አየኝ። "አንተ ሽማግሌ፣ ሳትነግረን ሞተህ መስሎን ተቀይመንህ ነበር! ቁጭ በል።"

ስመለስ ታክሲ ውስጥ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ከመውረጃዬ አራት ፌርማታ አልፌያለሁ።