ለማን ነው የሚሻለው?

ከኩልመስክ ወደ ላሊበላ ስንጓዝ ሚኒባሱ ውስጥ ሹፌሩ፣ እኔ ከነልጄ፣ ሁለት ዶሮ ሻጮች፣ አንዲት ነርስና ሆስፒታል የተኙ ባለቤታቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ አዛውንት ነበርን።

«የሚጥል በሽታዋን ስድስት ዓመት ያስታገሠላትን ኪኒን ቀየሩባት!» አሉ አዛውንቱ ለነርሷ። «አዲሱ ይሻላል ብለው!»

«አባባ፣ ሁለቱን መድኃኒት በብዙ በሽተኛ ላይ አስተያይተው እኮ ነው። ድሮ ሐኪሙ በለመደው ብቻ እያዘዘ ስንቱ ተጎዳ!»

«ያስተያዩ። ባለቤቴ አበሩ ከነዚያ ውስጥ ነበረች?»

«አልነበሩም።»

«ታዲያ ለማን ነው የሚሻለው? በሳምንቱ ምድጃ ላይ ወደቀች!»

«ይሄ መንገድም ይሻላል ተብሎ ነው የተሠራው» አለ ሹፌሩ። «ጎማዬን ጨረሰው እንጂ።»

«አንተ ዝም በል! እኔ ሰው ነው የተቃጠለብኝ።»

ነርሷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሐኪሙ መረጃውን ማየቱ ደግ ነበር። ግን እሳቸውንም መጠየቅ ነበረበት።»

«ወረቀቱን ጠየቀ እንጂ እሷን መች ጠየቀ! እሷ እንደሆን ‹ይሻላል› ሲላት፣ ‹ይሻልሻል› ያላት መስሏት እጁን ስማ ነው የመጣችው።»

ልጄን ወደ ጉያዬ ሳብ አደረግሁ፤ እማማ አበሩን የምታውቁ ግን እስቲ ንገሩኝ፣ ተሻላቸው ወይ?