የተፈገፈገው መጥበሻ

አዳማ፣ የቤት ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ፤ ጥቁር የለበሱት ወይዘሮ ውድነሽና የሟች ልጃቸው የናሁሰናይ ሚስት ህሊና መጥበሻ ከተደረደረበት መደርደሪያ ፊት ቆመዋል።

ህሊና፦ ይሄም አልሆነም? እትዬ፣ ሱቁ ውስጥ ያልነኩት መጥበሻ እኮ የለም!

ውድነሽ፦ መንካትማ ነካሁ። ቆርኪ ነው የሚያህለው። ሽንኩርቱ መሃል ላይ አሮ ዳር ዳሩ ጥሬ ይቀራል።

ህሊና፦ ባለ ቴፍሎኑስ? አይዝም፣ ዘይት አይፈጅም፤ ባለሱቁም ምርጥ ነው እያለ ነው።

ውድነሽ፦ ባለሱቁ ምን ሊል ኖሯል? አንድ ቀን በሹካ ከጫሩት ይላጣል። ከዚያ ከእንቁላሉ ጋር ጥቁር ጥቁሩን መብላት ነው።

ህሊና፦ ስለ ጥቁር ባናወራ ይሻለኛል።

ውድነሽ፦ እናውራ እንጂ! ሰው እንዴት የኔን መጥበሻ በአሸዋ ይፈገፍጋል?

ህሊና፦ በአሸዋና በሽቦ። የአርባው ዕለት ሴቶቹ ጓዳ ሲገቡ ያንን ጥቁሩን አይተው ቤትዎን እንዳያሙ ብዬ ነው። እድፍ መሰለኝ፣ ምን ላድርግ!

ውድነሽ፦ መስታወት አስመሰልሽው እኮ!

ህሊና፦ ደስ ይልዎታል ብዬ ነበር።

ውድነሽ፦ በማግስቱ ዝጎ አገኘሁት። ያ ጥቁር እድፍ አልነበረም፣ እሳት ያደረቀው ዘይት ነው። ናሁዬ ትምህርት ቤት ከገባ ጀምሮ የጠበስኩለት እንቁላል ሁሉ ነው እዚያ ላይ የነበረው።

ህሊና፦ አሁንማ አወቅሁ። ለዚህ አይደል የመጣነው? የሚሆንዎትን ይምረጡና ልካስዎ፣ እርስዎም ይረፉ እኔም ልረፍ።

ውድነሽ፦ እስቲ ያንን አውርጂልኝ። ግራጫውን።

ህሊና፦ ኧረ ይሄ እኮ ብረት ነው! ምኑም አልተቀባ። ይዝጋል።

ውድነሽ፦ በደረቁ ከተያዘ አይዝግም። እዚያ ያለው ወፍራሙ ጥቁር ብረት ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ ይሄ ግን ሳሳ ያለ ነው። በአንድ እጅሽ ያዢው። እጅሽን ጠመዘዘሽ?

ህሊና፦ አልጠመዘዘኝም። የሚይዙት እርስዎ አይደሉ እንዴ?

ውድነሽ፦ ያዢው ስልሽ ያዢ። አሁን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪና ጠርዙን ጫን በዪው። ይወዛወዛል?

ህሊና፦ ንቅንቅ አይልም።

ውድነሽ፦ ጎሽ። የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ቂጡ ካልተቀመጠ ምን ዋጋ አለው።

ህሊና፦ እኛ ቤት ያለው ቡታጋዝ ነው እኮ።

ውድነሽ፦ እጀታውንስ አየሽው? ላላ አይልም?

ህሊና፦ አይልም። እትዬ፣ መጥበሻ ሳይሆን ምራት የሚመርጡ ነው የሚመስሉት።

ውድነሽ፦ ናሁ አንቺን ሲያመጣ እንዲህ አገላብጬ አላየሁሽም።

ህሊና፦ ቢያዩኝ ኖሮ ይመልሱኝ ነበር።

ውድነሽ፦ አልመልስሽም ነበር። አሁን ልብ ብለሽ ስሚኝ። የፋብሪካ ቅባት ስላለው መጀመሪያ በሙቅ ውሃ እጠቢው። እሳት ላይ አድርቂው። ዘይት ቀብተሽ መልሰሽ በጨርቅ ጥረጊውና እስኪጨስ አግዪው። ከዚያ እንደገና፣ ከዚያ እንደገና። መጀመሪያ ሰሞን ይይዝብሻል፤ እንዳትናደጂ።

ህሊና፦ አሸዋማ ሁለተኛ አላስነካውም፣ በማርያም!

ውድነሽ፦ ሳይጠቁር የቲማቲም ስልስ እንዳትሠሪበት፤ ቅባቱን ያነሳዋል። ውሃም አታሳድሪበት። የወንድምሽም ሚስት እንዳትዘፈዝፈው ንገሪያት።

ህሊና፦ የወንድሜ ሚስት? አሰላ ያለችው?

ውድነሽ፦ እሷን ነው።

ህሊና፦ እሷ አዳማ መጥታ የእርስዎን መጥበሻ ምን አገባት?

ውድነሽ፦ ቆይ ባለሱቁን ልጥራው።

ህሊና፦ አይጥሩት። እትዬ፣ ይሄ መጥበሻ ለማን ነው?

ውድነሽ፦ የኔንማ ዘይት እየቀባሁ አጢሼ አጢሼ አጥቁሬዋለሁ። ምንም አልሆነም፣ ይቅር ብዬሻለሁ። ይሄ ያንቺ ነው። ወንድምሽን እንዳለን አነጋግሬዋለሁ፤ ቅዳሜ መጥቶ ይወስድሻል።

ህሊና፦ ይቅር ካሉኝ ታዲያ ለምን ያባርሩኛል?

ውድነሽ፦ ማን አባረረሽ? ገና ልጅ ነሽ። የኔን ደጅ እየጠረግሽ ልታረጂ ነው?

ህሊና፦ ላርጅ! እርስዎንስ ማን ያይዎታል? ሲያምዎት ማን ውሃ ያቀብልዎታል?

ውድነሽ፦ ጎረቤት አለ። እኔና አንቺ ምን ተረፈን? አንቺ ጓዳ ታለቅሻለሽ፣ እኔ መኝታ ቤት። አንቺ ስታለቅሺ እየሰማሁ እህል በጉሮሮዬ አይወርድም። አንቺም እንደዚያው ነሽ፤ ከስተሽ አለቅሽ።

ህሊና፦ ድምፄን አላሰማም። ሲመጣብኝ ደጅ እወጣለሁ። እሱ የተኛበት አልጋ ነው የቀረኝ፤ እሱን አይንሱኝ፣ እትዬ።

ውድነሽ፦ አልጋውን ይዘሽው ሂጂ።

ህሊና፦ አልጋውን ብቻዬን ምን ላደርገው? እሱ የኖረበት ቤት ይሻለኛል። ጠልተውኝ ከሆነ ጠላሁሽ ይበሉኝ።

ውድነሽ፦ አንቺን ጠልቼ የት እደርሳለሁ? የኔ ልጅ፣ አንቺ በር ከፍተሽ በገባሽ ቁጥር እሱ ከኋላሽ የሚገባ ይመስለኛል። ቀና ብዬ አያለሁ፤ የለም። ገበያ ደርሰሽ ስትመለሺ ይሞትብኛል። ቆሻሻ ደፍተሽ ስትመለሺ ይሞትብኛል። አልቻልኩም።

ህሊና፦ እንግዲያው ቅዳሜ ሩቅ ነው። ይደውሉለት፣ ወንድሜ እንዳለ ነገ ይምጣ።