እህቴን ምን ብለው ጠየቋት?

የአእምሮ ሐኪሟ ከሩቅ አገር የመጣች ናት። ቋንቋውን ታቀላጥፈዋለች፤ የሰዉን ጠባይ ግን ገና አልለመደችውም። አንድ ቀን ከምሳ ስትመለስ፣ የሆስፒታሉ በር ላይ ማንን ብታገኝ ጥሩ ነው? ጠዋት ያነጋገረቻትን ልብስ ሰፊ! ታላቅ ወንድሟ እጇን ይዞ ይወስዳታል። ሴትየዋ ባሏ ከሞተ ወዲህ እንቅልፍም እህልም እምቢ ብሏታል።

«ጋሼ፣ ወዴት ነው? ሕክምናው እኮ ገና አልተጀመረም» አለች ሐኪሟ።

«ወደ ቤታችን። አይቀየሙኝ ዶክተር፤ ግን እህቴን ምን ብለው ጠየቋት? እኔን አስወጥተው፣ በር ዘግተው፣ ‹ራስሽን ለማጥፋት አስበሻል?› ይባላል? ሟርት አይደለም እንዴ? ያላሰበችውን ማሳሰብ ነው!»

«መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣውም፤ ካለ ግን ያወጣዋል። ሳልጠይቃት ቀርቼ አንድ ነገር ብትሆንስ?»

«ይሁና! የእኛ ሰው ግን ለብቻው ተጠርቶ በር ሲዘጋበት የተከሰሰ ይመስለዋል። ‹ምን አጥፍቼ ነው?› እያለች ስትንቀጠቀጥ ነው የወጣችው።»

ሐኪሟ ደነገጠች። በተማረችበት አገር በር መዝጋት አክብሮት ነው፤ ጠዋት ሴትየዋ አልመልስ ስትላትም እልህ መስሏት ነበር። አይ መማር! ስንቱ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ «ደንቡ ይህ ነው» ብሎ ድርቅ ይላል። እሷስ አልደረቀችም።

«አጠያየቄ ላይ ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ። ጥያቄውን ግን አልተውም» አለችና ወደ ታማሚዋ ዞረች። «እህቴ፣ ማን አብሮሽ ቢሆን ትወጃለሽ?»

ሴትየዋ የወንድሟን እጅጌ ጨበጠች።

ሦስቱም ወደ ሐኪሟ ክፍል ገቡ፤ በሩም ገርበብ ብሎ ቀረ። ሐኪሟ መጀመሪያ ስለ ስፌቱ፣ ቀጥሎ ስለ ባሏ ጠየቀቻት። አልቸኮለችም።

«ሐዘን ሲጠና ‹ምነው በሞትኩ› የሚል አለ። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብም አለ። ሕመም ነው እንጂ ጥፋት አይደለም። አንቺስ?»

ወንድምየው ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ እህቱ ቀደመችው።

«በየቀኑ አስባለሁ። ለጋሼ ያልነገርኩት ይደነግጥብኛል ብዬ ነው።»

ሰውየው እንደ ሕፃን አለቀሰ። «አንድ ቤት እየኖርን! እኔ እኮ ‹በርቺ፣ በርቺ› ስል ነው የከረምኩት። እንኳን ጠየቋት ዶክተር!»

ከዚያ ወዲህ መድኃኒቷን የሚያስውጣት እሱ ነው፤ ብቻዋንም አይተዋትም። ሐኪሟም ማንንም ከማነጋገሯ በፊት ማን አብሮት እንዲቀመጥ እንደሚፈልግ ትጠይቃለች። ሴትየዋ ቀስ በቀስ እንቅልፏ ተመለሰላት፤ እህልም መቅመስ ጀመረች። ሐኪም የሰዉን ወግ ሲጠይቅ፣ ዘመድም ሐኪሙን ሲሰማ ጥቅሙ ይኸው ነው።

በቀደም አንድ ጎረቤት «ልጄ ዝም ብሎብኛል፤ እንዳልጠይቀው ፈራሁ» ቢለው፣ ወንድምየው ክንዱን ያዘው።

«አሁኑኑ ሂድና አጠገቡ ቁጭ ብለህ ጠይቀው። እኔ ፈርቼ ሳልጠይቅ፣ እህቴን ላጣት ነበር።»