ከአጥር ውጭ የመጡ ጠያቂዎች

እናቴ የካንሰር መድኃኒት ከወሰደች በኋላ ነርሷ፣ «ሰውነቷ በሽታ የመቋቋም አቅሙ ስለደከመ ለጊዜው ሰው አይጠጋት፣ አይሳማት» አለችኝ። በከተማችን በሐይቅ ደግሞ ጠያቂ መመለስ ነውር ነው። የልጅነት ጓደኛዋን እትዬ ዘይነባን ከበራፍ መለስኳቸው። ያመጡትን አጥሚት አስቀምጠው ሄዱ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

በማግሥቱ ከአጥሩ ውጭ ሳቅ ሰማሁ። እትዬ ዘይነባ የሰፈሩን ሴቶች ሰብስበው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ የተከለከለው መሳም ነው፤ መጣራትም ተከልክሏል እንዴ?» አሉኝና፣ «አበባ! አፊያ ነሽ ወይ?» ብለው ወደ እናቴ መስኮት ጮኹ። ከዚያ ዱዓ ጀመሩ፤ ሴቶቹም «አሚን» እያሉ ተቀበሉ።

«ጮክ በይ ዘይነባ፣ የትኛው ላይ አሜን እንደምል አልሰማሁም» አለች እናቴ። ዘወር ብዬ ሳያት ፊቷ ወደ መስኮቱ ዞሯል።