ተቀባይ የሌለው ዘፈን

ኑ እስቲ፣ ወደ ጥላው ጠጋ በሉልኝ። ጥር ነበር፣ ማሽላው ገብቶ ሰርግ የበዛበት። ኤአይ የሚሉት ነገር የሙዚቃ ማቀናበሪያ ፕሮግራምን በራሱ እንዲያንቀሳቅስ የሚያደርግ መሣሪያ አለ፤ የልጅ ልጄ ሄለን ሰው እንዴት እንደሚጠቀምበት የሚያስረዳውን መመሪያ ትጽፋለች። ለጎረቤቴ ለዘነበች ልጅ ሰርግ፣ እኔ እያወጣሁ ዘነበችና ሴቶቹ እየተቀበሉ የቀዳነውን ዘፈን እንዲያስተካክለው ለሙከራ ሰጠችው። ሲከፈት የሚሰማው የእኔ ድምፅ ብቻ ነው። ዘነበች «እኔስ የት ሄድኩ?» አለች።

«እትዬ፣ የተደጋገመውን አጥፋ ብዬው ነበር። እናንተ ደግሞ እምዬ ያለችውን ነው የምትደግሙት» አለች ሄለን።

«ታዲያ ተቀባይ ሌላ ምን ይበል? መመሪያ ጻፊዋ አንቺ፣ አስጠፊዋም አንቺ፤ አደከምሽኝ እኮ ልጄ። ዋናው ቅጂስ?» አልኳት።

«እላዩ ላይ ቀዳበት።»

በሰርጉ ቀን ሞንታርቦው ተዘግቶ በአፋችን ዘፈንን። ሄለን መመሪያው ላይ «መጀመሪያ ዋናውን ለብቻ አስቀምጡ» ብላ ጨመረች። ሙሽራዋ አጣዬ ከተማ ገብታ ወልዳለች። ዘነበች ግን፣ የቀረው የእኔ ድምፅ ብቻ ስለሆነ፣ ድምጿን ያስቆረጥኩት እኔ መስያት፣ እስከ ዛሬ ሳወጣ አትቀበለኝም።